ሁለተኛው ቁልፍ

ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኚ ወደ ውስጥ አይዘልቅምና ስንብቱ የሚያልቀው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። እዚያ አንዲት እናት ወደ ቤሩት በምትሄደው ልጃቸው ሻንጣ ላይ ሁለተኛ ባለ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ሲያንጠለጥሉ አየሁ። «አንዱን ቢከፍቱት ሌላው ይመልሳቸዋል» አሉ።

ይመልሳቸዋል? አንዱ ቁልፍ ከ000 እስከ 999 አንድ ሺህ ቁጥር አለው። ሁለት ሲሆን ልባችን ሺህን በሺህ አባዝቶ ሚሊዮን ላይ ይደርሳል። ሌባው ግን አያባዛም፤ ይደምራል። የመጀመሪያው ሲከፈትለት ከእሱ ጋር ጉዳዩን ጨርሷል፤ ቢበዛ ሁለት ሺህ ሙከራ ነው። ዚፑን በእስክሪብቶ ጫፍ የሚፈለቅቀውንማ ተዉት።

ምስጢራዊ ጽሕፈትም ከዚህ ጣጣ አያመልጥም። እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ቤት ገፍቶ የጻፈ ሰው፣ ያንኑ እንደገና አምስት ቤት ቢገፋው ያተረፈው ስምንት ቤት መግፋትን ብቻ ነው። ሁለት የመሰለው ቁልፍ አንድ ነው። የረቀቁት እንዲህ በቀላሉ አይዋሃዱም፤ ተስፋቸው ግን ያጥራል። እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ያጸደቀችው «ዴስ» የተባለው ስልት ባለ 56 ቢት ቁልፍ ነበረው። በሁለት ቁልፍ ደጋግመን ብንቆልፍበት 112 ይሆንልናል ያሰኛል። ዲፊና ሄልማን የተባሉ ሊቃውንት በዚያው ዓመት ሌላ አሳዩ፤ የአንድ መልእክት ግልጹም ስውሩም በእጁ የገባ ሰው ከግልጹ ወደ ፊት፣ ከስውሩ ወደ ኋላ እየቆፈረ መካከል ላይ ይገናኛል። ውጤቱን የሚያከማችበት እጅግ ሰፊ ጎተራ ይፈልጋል እንጂ ድካሙ የአንዱን ቁልፍ እጥፍ ያህል ነው። ባንኮች ለዓመታት የተገለገሉበት ሦስት ጊዜ መቆለፍ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያም ቢሆን ሚዛኑ 168 ሳይሆን 112 ነው።

የእድር ሣጥን በሦስት ቁልፍ ተቆልፎ ሦስት ሰዎች አንድ አንድ ሲይዙ የሚጠነክረው ብረቱ አይደለም፤ ሦስቱ ካልተስማሙ አለመከፈቱ ነው። ቁልፎቹ በአንድ ኪስ ከገቡ ጌጥ ናቸው።

ታዲያ ይህን ለዚያች እናት መንገር ይገባል? ሁለተኛው ቁልፍ ለሻንጣው ሳይሆን ለእሳቸው እንቅልፍ ነው፣ ተዋቸው የሚል ይኖራል። እኔ አልስማማም። ልጅቱ በሁለት ቁልፍ ተማምና ገንዘቧንና የዘመድ ስልክ ሻንጣው ውስጥ ከትታ ከሆነስ? በሰው አገር ያለ እነዚያ ምን ትሆናለች?

ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ገንዘቧንና የስልክ ቁጥሮቹን በእጇ ትያዝ» አልኳቸው።

አዩኝ። ከዚያ ሻንጣውን መልሰው ከፈቱና ከልብሱ ሥር አንዲት የተጠቀለለች መሐረብ አውጥተው በልጅቱ ጡት መያዣ ውስጥ ሸጎጡላት። ቁልፎቹን ግን ሁለቱንም መልሰው ቆለፏቸው።

«የሁለቱም ቁጥር አንድ ነው» አሏት በሹክሹክታ፤ «እንዳይጠፋሽ ብዬ።»