መጋጠሚያዎቹን ማን ይመረምራል?



በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ በታላቁ የሚሲሲፒ ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተከፈተ የብረት ድልድይ ነበረ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት በቀን ወደ 140,000 የሚጠጉ ተሽከርካሪዎች ይመላለሱበት ነበር። ሐምሌ 25 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ሕዝቡ ከሥራ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ተደርምሶ ወደቀ። 13 ሰዎች ሞቱ፤ 145 ቆሰሉ።

እንዲህ ያለ መርዶ ስንሰማ «ምን በድለው ይሆን?» ማለት ይቀናናል። ጌታችን ግን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት አሥራ ስምንት ሰዎች ሲናገር (ሉቃ. 13፥4) ይህን በር ዘግቶብናል፤ ጥያቄውን ከሙታኑ አንሥቶ ወደ ሰሚዎቹ መልሶታል። እኛም የሞቱትን ለእግዚአብሔር ምሕረት አደራ ሰጥተን ወደ ድልድዩ እንመለስ።

ድልድዩ የተሠራው ረጃጅም የብረት ዘንጎች በሦስት ማዕዘን ቅርጽ እየተያያዙ ነው። ሸክሙ ከዘንግ ወደ ዘንግ የሚተላለፈው ዘንጎቹ በሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ከግራና ከቀኝ በተጣበቁ ጠፍጣፋ ላሜራዎች በኩል ነበር። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የምርመራ ውጤት፣ የውድቀቱን መነሻ ያገኘው በእነዚህ ላሜራዎች ላይ ነው። በአንዳንድ መጋጠሚያዎች ውፍረታቸው ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 13 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነበረ፤ ሊኖራቸው ከሚገባው ግማሹ። ስሕተቱ የተፈጸመው በንድፉ ጊዜ፣ ገና በወረቀት ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ መንገዱ በኮንክሪት ወፈረ፣ መከለያዎችም ተጨመሩበት፤ በዚያችም ቀን ለእድሳት የመጣ አሸዋ፣ ጠጠርና ማሽን በላዩ ላይ ነበረ። እኛን ይበልጥ ያስደነገጠን ግን ሌላ ነው፦ ድልድዩ በየጊዜው ይመረመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ላሜራዎቹ ጎብጠው ይታያሉ። ዝገትና ስንጥቅ ሲፈለግ፣ ጉብጠቱ የአደጋ ምልክት ሆኖ አልተቆጠረም።

ቅዱስ ጳውሎስ (ኤፌ. 4፥16) የክርስቶስ አካል ተጋጥሞ የሚያድገው በየመጋጠሚያው አማካይነት መሆኑን ያስተምራል። እኛ ካህናት ግን ብዙ ጊዜ የምንቆጥረው ዘንጎቹን ነው፦ ስንት ተጠመቁ፣ ስንት ቆረቡ፣ የአዳራሹ ጣሪያ ከምን ደረሰ። በቆሞሱና በመምህሩ መካከል ያለውን ዝምታ፣ በሁለት ማኅበራት መካከል ከፋሲካ በፊት ተነሥቶ እስከ ዛሬ ያልታረቀውን ቅያሜ ቆጥረን አናውቅም። ጎብጦ እናየዋለን፤ «ድሮም እንዲሁ ነው» ብለን እናልፋለን። (ይህን ስንጽፍ ራሳችንን ነጻ አድርገን አይደለም።) በዚያም ላይ እንጨምርበታለን። የእሑድ ሕፃናትን የምታስተምር አንዲት እኅት ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁትም ይሰጧታል፤ ቀጥሎ የገጠሩ ጸሎት ቤት፤ ቀጥሎ መዘምራኑ። እምቢ ስለማትል ብቻ!

በኑዛዜም ቢሆን እንደዚሁ ነን። ቁጣችንንና ሐሰታችንን፣ ማለት በዓይን የሚታየውን ዝገት፣ እንዘረዝራለን። ከባለቤታችን፣ ከወንድማችን፣ ከጎረቤታችን ጋር ያጋጠመን ነገር ምን ያህል እንደ ሳሳ ግን ኅሊናችንን ሳንጠይቅ እንነሣለን።

በስፍራው የተሠራው አዲስ ድልድይ መስከረም 8 ቀን 2001 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ የሚደርስበትን ጫናና ንዝረት የሚለኩ ከ300 በላይ መሣሪያዎች ተተክለውበታል። በቁምስናዎቻችን እንዲህ ያለ መሣሪያ ስለሌለ፣ በሚቀጥለው የመምህራን ስብሰባ ላይ ሪፖርቱ ከመነበቡ በፊት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀምጣችሁ፣ «ምን ከበደህ? ምን ከበደሽ?» ብላችሁ እንድትጠያየቁ፣ መልሱንም ሳትቸኩሉ እንድትሰሙ እንለምናችኋለን።