የማያውቅ ሰው የሚያውቀውን በምን ይለየዋል?

ግንቦት ላይ ድሬዳዋ ውስጥ ፀሐይ ስለጠለቀች ብቻ ሙቀቱ አይለቅም። ቀኑን ሙሉ ሲግል የዋለው ግድግዳ ማታ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይመልሳል። ኤሲ ያለው ቤተሰብ በርና መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል፤ ኤሲው እኩለ ሌሊት ላይ ሞቃት ነፋስ ብቻ መንፋት ሲጀምር ግን ሁሉም ይነቃል። ያኔ አስተያየት አይጠፋም። አንዱ «ጋዝ ጨርሷል» ይላል፤ ሌላው «ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል» ብሎ ይፈርዳል፤ አባወራው ካቻቢቴ ይዞ ወንበር ላይ ይወጣል።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ፕላቶ «ካርሚደስ» በተባለው ድርሳኑ፣ ሰው የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለይቶ ማወቅ ይችል እንደሆነ ሶቅራጥስ ሲመረምር ያሳየናል። ሶቅራጥስ በዚህ ብቻ አያበቃም፤ ሕክምና ያልተማረ ሰው እውነተኛውን ሐኪም ከአስመሳዩ በምን ይለየዋል ብሎ ይጠይቃል። ለመለየት ሕክምናን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሕክምናን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ያን ያህል ሐኪም አያሻውም። ድርሳኑ ለችግሩ መፍትሔ ሳያገኝለት ያልቃል።

ወንበር ላይ የቆመው አባወራ ግን እስኪነጋ መላ ማግኘት አለበት። ደግነቱ፣ ከሚያውቀው የሚጀምር ሰው ብዙ መሥራት ይችላል። ሪሞቱ ማቀዝቀዣው ላይ ነው ወይስ ልጆች ሲጫወቱበት ወደ ማሞቂያ ወይም ወደ ማራገቢያ ቀይረውታል? የውጪው ማሽን ፊቱ በካርቶን ወይም በተሰጣ ልብስ ተከልሏል? ቀጥሎ ኤሲውን አጥፍቶ የፊት ክዳኑን ወደ ላይ ማንሳት ነው። ከሥሩ ያለው የፕላስቲክ ወንፊት ፊልተሩ ነው። ድሬዳዋን በመሰለ አቧራማ ከተማ ሳይታጠብ የከረመ ፊልተር ግራጫ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል፤ በጣት ሲነኩት አቧራው እንደ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይነሳል። አየር በዚያ ውስጥ አያልፍም፤ አየር ካላለፈ ደግሞ ከበስተኋላ ያለው ቀዝቃዛ ቱቦ በረዶ ይሠራል። ፊልተሩን ለብ ባለ ውኃ አጥቦ ጥላ ላይ ማድረቅ፣ በረዶው እስኪቀልጥም ማራገቢያውን ብቻ ማሠራት የማንም ሰው ሥራ ነው። ብዙ ኤሲ እዚህ ላይ ይድናል።

ካልዳነስ? ፊልተሩ ንጹሕ ሆኖ በረዶው ከተመለሰ፣ ብሬከሩ አንድ ጊዜ ተነሥቶ እንደገና ከወደቀ፣ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ጉዳዩ ከቤተሰቡ እጅ ወጥቷል። ይህን ወሰን ፍርሃት አላሰመረውም። በውጪው ማሽን ውስጥ ያለው ካፓሲተር መብራቱ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይና ሰው ሊጎዳ ይችላል። በብዙ አዳዲስ ኤሲዎች ውስጥ ያለው አር 32 የተባለ ጋዝም በተወሰነ ደረጃ ተቀጣጣይ ነው። አላዋቂ እጅ የሚያመጣው አደጋ አጠገቡ የተኙትን ልጆችና ግድግዳ የሚጋራውን ጎረቤት ይነካል። «የገዛ ዕቃዬን ብነካካ ማን ይጠይቀኛል?» የሚለው ክርክር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ባለሙያ ሲጠራ የሶቅራጥስ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። የመጣው ሰው ሲሊንደሩን አውርዶ «ጋዝ አልቋል፤ በየዓመቱ ይሞላል» ቢልስ? አንድ እውነት የያዘ ቤተሰብ ይህን ንግግር መመዘን ይችላል። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፤ ክፍሉ ውስጥ ከፈሳሽነት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሙቀት ይወስዳል፣ ውጪ ተመልሶ ፈሳሽ ሲሆን ሙቀቱን ይለቃል። ስለዚህ ጋዙ ከቀነሰ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው። «በየት በኩል ወጣ?» ብሎ ለመጠየቅ ቴክኒሻን መሆን አያስፈልግም። ግፊቱን ለክቶ፣ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሾ፣ ቀዳዳውን አሳይቶ የሚመልስ ባለሙያ ምክንያቱን ለመስጠት አይሰስትም። በጥያቄው የሚቆጣው ላይ ጥርጣሬ ቢያድር ተገቢ ነው።

ጥያቄው ከቤቱም አልፎ ይሄዳል። በአሮጌ ኤሲዎች ውስጥ ያለው አር 22 የኦዞንን ንብርብር ይጎዳል፤ እሱን የተካው አር 410ኤ ኦዞኑን ባይነካም፣ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 2,000 እጥፍ የሚጠጋ የማሞቅ ኃይል አለው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ በየዓመቱ መሙላት፣ አንዱን ክፍል ለማቀዝቀዝ ሲባል የማያውቁትን ሰው አየር ማሞቅ ነው።

ባለሙያ መጥራት ሽንፈት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። የሃይማኖት መጻሕፍት ግን እንዲህ አያዩትም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪም ሊከበር እንደሚገባ ያስተምርና፣ ወረድ ብሎ አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪውን ያነሳል፤ እነዚህ በዳኞች ወንበር ባይቀመጡም ያለ እነሱ ከተማ እንደማይኖር ይናገራል። ኢማም አል-ገዛሊም «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተሰኘው ሥራቸው ሕክምናን፣ እርሻንና ሽመናን የመሳሰሉ ሙያዎችን ከፈርድ ኪፋያ ይመድባሉ፤ ማለትም ከማኅበረሰቡ አንዳንዶች ከተወጡት ከሌላው ላይ የሚወርድ፣ ማንም ካልተወጣው ግን ሁሉንም የሚያስጠይቅ ግዴታ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎን ለጎን በሚኖሩባት ድሬዳዋ ሁለቱ ትምህርቶች በዚህ ይገናኛሉ፦ ሰው ሁሉን እንዲያውቅ አልተጠየቀም።

ሐቅ ግን ከቤተሰቡም ይጠበቃል። ብሬከሩን አራት ጊዜ መልሶ ያነሳ ወይም ሽቦ ነካክቶ የገጠመ አባወራ፣ ቴክኒሻኑ ሲመጣ «ምንም አልነካሁም» የማለት ፈተና ይገጥመዋል። ያ ቃል ባለሙያውን ብልሽቱ ወደሌለበት ይልከዋል፤ አንዳንዴም መብራት የለበትም ብሎ የሚያስበውን ሽቦ ያስይዘዋል። ስለዚህ ሠራተኛው የመሣሪያ ሳጥኑን ከመክፈቱ በፊት የተደረገውን በሙሉ ሊነገረው ይገባል፤ ብሬከሩ ስንት ጊዜ እንደወደቀ፣ በረዶው መቼ እንደታየ፣ የትኛው ብሎን እንደተፈታ ጭምር።