ለጣና ነፋስ አንድ ቀን አስተርፉ

ልጆቼ፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር ደቅ ደሴት ተሻግራችሁ ድንኳን ተክላችሁ ለማደር እንዳሰባችሁ እናታችሁ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። ጣና ጠዋት ገብቶ ከሰዓት በኋላ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው፤ አድሮበት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ዕድሜዬን ሐይቁ ዳር ሰውና ዕቃ ሳመላልስ ስለኖርኩ ከመነሣታችሁ በፊት የምላችሁ አለኝ።

ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይህን አትርሱ፤ ቀናችሁን ስትቆጥሩ አንድ ቀን ለነፋሱ አስተርፉ። ሁለት ሌሊት ለማደር ካሰባችሁ የሦስት ሌሊት ስንቅ ያዙ። የአዲስ አበባ ትኬታችሁንም ከሐይቁ በምትወጡበት ቀን አትቁረጡ፤ ለማግስቱ ይሁን። ጣና ላይ ክፉ ነገር የሚመጣው ባለጀልባው «ዛሬ ይቅርባችሁ» ሲል ተሳፋሪው «ነገ ሥራ አለብኝ» ብሎ ሲያስገድደው ነው። ቀን የተረፈው ሰው ባለጀልባውን አያስገድድም።

ምክንያቱን ላስረዳችሁ። ሐይቁ ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ግን ጠለቀ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። እንዲህ ሰፍቶ ያልጠለቀ ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይነሣል፤ ማዕበሉም አጫጭርና ቀጥ ያለ፣ አንዱ ሳያልፍ ሌላው የሚደርስ ይሆናል። ረጅም ማዕበል ጀልባን ከፍ ዝቅ ያደርጋታል እንጂ አይመታትም። አጭሩ ግን ግንባሯን እየመታ ውሃ ያስገባባታል። ጠዋት ጣና ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ጸጥ ይላል። ፀሐይ ምድሩን ካሞቀች በኋላ ነው ነፋሱ የሚነሣው፤ ከቀኑ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያ የጠዋቱ ውሃ ነው ብትባሉ አታምኑም። ስለዚህ ከባሕር ዳር ልክ ሲነጋ፣ 12 ሰዓት ላይ ተነሡ። እንደ ሞተሩ ጉልበት ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ቢፈጅባችሁ፣ ነፋሱ ሳይነሣ ደቅ ወርዳችኋል። ስትመለሱም እንዲሁ በጠዋት ነው።

ነፋሱ ሲመጣ ለሚያስተውል ሰው ይታያል። ከሩቅ ውሃው ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይወጣል፤ ከመስመሩ ወዲያ ውሃው የተሸበሸበ ነው፣ ከወዲህ ግን ገና ለስላሳ ነው። ያ መስመር ወደ እናንተ ሲገፋ ካያችሁ ዕቃውን ወደ መሀል ሰብስቡ፣ ሁላችሁም ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ፎቶ ለማንሣት የሚቆም አይኑር። ላይፍ ጃኬት ወንበር ሥር ተወሽቆ አይጠቅምም። ገና ዳር ላይ ሳላችሁ ልበሱት፣ መቆለፊያውንም እየሳባችሁ ሞክሩት፤ የተሰበረ ከሆነ እዚያው አስለውጡ። በደንገል ታንኳ ከባለቤቱ ጋር ዳር ዳሩን ብትቀዝፉ ደስ ይላችኋል፤ መሀሉን ልሻገርባት ግን አትበሉ። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ለዚህ ነው ዓሣ አጥማጆቹ ሥራ ሲጨርሱ ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው አቁመው የሚያደርቋት።

በእኔ ጊዜ ያልነበረ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እምቦጭ የሚባለው አረም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ በኩል ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ደንቢያንና ፎገራን ብዙ አስቸግሯል። አረሙ ተንሳፋፊ ስለሆነ ነፋስ ይነዳዋል። ማታ ክፍት ሆኖ ያያችሁት ዳርቻ ጠዋት በአረንጓዴ ምንጣፍ ተዘግቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሞተር ውስጥ ሲጠመጠም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከውሃ አውጥቶ፣ በቢላ እየቆረጡ መንቀል ነው፤ ሞተሩ እየሠራ እጁን የሚሰድ ሰው ካለ ከልክሉት። እምቦጭ ካለበት አካባቢ ከመጣችሁ ደግሞ ሌላ ዳርቻ ከመውረዳችሁ በፊት ጀልባዋን፣ ገመዱንና መልህቁን ፈትሹ። ከቅጠሉ ጋር የተጣበቀች ትንሽ ግንድ ብቻዋን ትበቅላለች፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ስንት ገበሬና ተማሪ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የነቀለውን አረም መልሳችሁ እንዳትዘሩት አደራ።

ደሴቱ ላይ ባለቤት የሌለው መሬት የለም። ባዶ ሜዳ የመሰላችሁ የገበሬው ግጦሽ ነው፤ ደኑ የቤተ ክርስቲያን ነው። ዛፉ ዛሬም የቆመው አባቶች ስለጠበቁት ነውና ለማገዶ አንዲት ቅርንጫፍ አትቁረጡ፤ ቡታጋዝ ይዛችሁ ሂዱ። እንደ ወረዳችሁ ድንኳን ሳታወርዱ ገበዙን ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ፈልጉ፣ ሰላምታ ስጡ፣ «አባቴ፣ የት ብናድር ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቦታ ከማግኘታችሁም በላይ ሌሊት የሚጠብቃችሁ ሰው ታገኛላችሁ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ደቅ ላይ ነው፤ ወንድም ሴትም ይገባበታል። ጎረቤቱ ዳጋ እስጢፋኖስ ግን፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲለደስ አፅም ያረፈበት፣ ሴት አይገባበትም፤ ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ። ከመካከላችሁ ሴቶች ስላሉ ይህን ባሕር ዳር ሳላችሁ ተመካከሩበት፤ እህቶቻችሁ ደርሰው ጀልባ ላይ ተቀምጠው መጠበቃቸው ያሳዝናል።

ድንኳኑን ውሃው ጠርዝ ላይ አትትከሉ። ደንገሉ መሀል ተረግጦ ወደ ሣሩ የሚወጣ መንገድ ካያችሁ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱት። ሁለት ጎድጓዳ መስመር ሆኖ መሀሉ ከፍ ያለ ከሆነ የጉማሬ መንገድ ነው፤ እግሮቹ የተራራቁ ስለሆኑ እንዲያ ነው የሚሄደው። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፣ ሲደነግጥ ደግሞ በለመደው መንገድ ወደ ውሃው ይሮጣል፤ በመሀል የተገኘውን አይምርም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩልና በወንዞች መግቢያ በተለይ ተጠንቀቁ። በሌሊት ለሽንት የሚወጣ ባትሪ አብርቶ፣ ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ መሬቱ ይሂድ።

ወቅቱን በተመለከተ ከኅዳር እስከ የካቲት መልካም ነው። ሐይቁ የሚሞላው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ግንቦት ላይ ይጎድላል፣ ጥቅምት ላይ ጀልባ የተጠጋበት ዳርቻ ያኔ ጭቃ ይሆናል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ይበርዳል፤ ብርድ ልብስ አትናቁ። ወባ አለና አጎበር ያዙ፣ የድንኳኑንም ዚፕ ከመምሸቱ በፊት ዝጉ። ውሃው ደለል አለበት፤ አጥልላችሁ፣ አፍልታችሁ ጠጡ። አረም በበዛበት፣ ውሃው ረግቶ በቆመበት ዳር በባዶ እግር አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ በቆዳ ነው የሚገባው። ገብታችሁ ከነበረ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ሰገራ ተመርመሩ፣ መድኃኒቱ ቀላል ነው።

ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ከዓሣ አጥማጆቹ ትኩሱን ገዝታችሁ መጥበስ ትችላላችሁ፤ ጾም ከሆነ ግን ከገዳሙ ቅጥር ራቁ። ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ይዛችሁ እንደገባችሁ ይዛችሁ ውጡ።

ከባለጀልባው ጋር ደግሞ ሁሉን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አብሯችሁ የሚያድር ከሆነ ምግቡና መኝታው በእናንተ ነው። ጥሏችሁ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ቀኑንና የሚወርድበትን ቦታ በደንብ ቁረጡ፤ በቀጠሮው ቀን ነፋስ ቢሆን በማግስቱ ጠዋት እንደሚመጣም ተስማሙ። የመመለሻው ቤንዚን ከነትርፉ ጀሪካን ውስጥ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። በነፋስ ምክንያት የሚውልበትን ቀን ሒሳብ አስቀድማችሁ ጨምሩለት፤ እንዲያ ከሆነ «ዛሬ አንሄድም» ለማለት አይሳቀቅም። የአካባቢውን ሰላምም ከዚያው ካለ ሰው ሳትጠይቁ እንዳትነሡ። እኔ የማውቀው፣ ልጅነቱን ሐይቁ ላይ ያሳለፈ ባለጀልባ አለ፤ ቀናችሁን ስትቆርጡ ደውሉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።