የእስቴው በሬ

ከጉና ተራራ ሥር፣ በፋርጣ፣ አንዲት ባለጸጋ ወይዘሮ ነበሩ። በሬዎቻቸውን የገዙት ከየአገሩ ነው፤ ቦራውን ከጋይንት፣ ዳልቻውን ከእስቴ፣ ጥቁሩን ከስማዳ። አሮጌው አራሻቸው የሁሉንም አመል ያውቃል። ቦራው ካልተፏጨለት አይራመድም፤ ዳልቻው ሻኛው ካልተነካ አይዞርም፤ ጥቁሩ ደግሞ የልጅነት ስሙን ካልሰማ ቀንበር አይቀበልም። አራሹ አርጅቶ ወደ ዘመዶቹ ሲሄድ ጎልማሳ ተቀጠረ፤ ጉልበቱ እጥፍ፣ እርፍ አያያዙ የሚያስቀና። ጠምዶ ጅራፉን አጮኸ። በሬዎቹ ቆመው አመሰኩ።

ጎረቤቱ አራሹን አማ። አራሹም «እሜቴ፣ እነዚህስ ለሥጋ እንጂ ለእርሻ አይሆኑም» አለ። ወይዘሮዋ ግን ወደ ሻጮቹ መልእክተኛ ላኩ። የጋይንቱ ሰው ልጁን ሰደደ፤ ልጁም ሰንብቶ ፉጨቱን አስተማረ። የእስቴው «በሬውን እንጂ አመሉን አልሸጥኩም። ከፈለጉ የዘንድሮ ወይፈን አለኝ» ብሎ መለሰ። የስማዳው ሞቶ ቤቱ ተዘግቶ ተገኘ።

አራሹ ማታ ማታ በረት ገብቶ የዳልቻውን ጆሮ፣ ጀርባ፣ ጎን እየነካካ ሞከረ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ሻኛው ላይ ደረሰና በሬው ዞረ። ያወቀውን አልደበቀም፤ ከእስቴው ሰው በሬ ለገዛ ሁሉ ነገረ። ጥቁሩ ግን ስሙ ሳይገኝ ለመስቀል ታረደ።

አራሹ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ በሬዎቹ ፕሪንተሩ፣ ስካነሩ፣ የዋይፋይ ካርዱ። ፉጨቱ ድራይቨር ይባላል። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ለገበያ ሲቀርብ የስክሪንና የድምፅ አሠራሩን ስለለወጠ፣ ምንም ያልጎደላቸው ካርዶች ቆመው ቀሩ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በ32 ቢት አይመጣም፤ ስለዚህ 32 ቢት ድራይቨር ብቻ ያለው ፕሪንተር ቀለሙ ሳያልቅ ዕድሜው ያልቃል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ፣ በአሮጌ ኮምፒውተሩ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ አራሽ ልጫን የሚል የደብረ ታቦር ኮፒ ቤት መጀመሪያ በሬዎቹን ይቁጠር። ደግነቱ ሊኑክስን ሳይጭኑ ከፍላሽ አስነስቶ የትኛው እንደሚራመድ ማየት ይቻላል።

እኔን የሚያናድደኝ የስማዳው ሟች ሳይሆን የእስቴው ሰው ነው (እስቴዎች ይቅር በሉኝ)። ፕሮግራመሩ ሪቻርድ ስቶልማን የዜሮክስ ፕሪንተር የሚሠራበትን ኮድ ጠይቆ ሲከለከል ያገኘው እሱን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ሥራ ሲያውጅም ቂሙ አልወጣለትም። የኤንቪዲያ ካርዶችን በሊኑክስ ለማሠራት የኑቮ ድራይቨር ጸሐፊዎች በረት ገብተው ነክተው ነክተው ነው የደረሱበት። ኩባንያው የራሱን የከርነል ሞጁሎች ኮድ የለቀቀው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ነው፤ ያውም ከቱሪንግ ትውልድ ወዲህ ላሉት ካርዶች ብቻ።