ምስሉ ፍርድ አይደለም

ሐኪም ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ ልጃችሁን የአንጎል ምስል አንሥቶ «ውጤቱን ልንገራችሁ?» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? አንዳንዱ «ንገረን» ይላል፤ ሌላው «ገይብን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ ተወን» ይላል። ሁለቱንም የሚያናግራቸው የልጅ ፍቅር ነው። የትኛው ይሻላል?

አስቀድመን ምስሉ ምን እንደሆነ እንረዳ። ነጩ የአንጎል ክፍል መልእክት የሚያመላልሱ የነርቭ ክሮች የሚያልፉበት ነው። በተለይ ከ32ኛው ሳምንት በፊት በሚወለድ ሕፃን ይህ ክፍል ገና በመሠራት ላይ ስለሆነ በቀላሉ ይጎዳል። በውስጡ ያለው ውሃ ክሮቹን ተከትሎ እንደልብ ይንቀሳቀሳል፤ እነሱን አቋርጦ ለማለፍ ግን ይቸገራል። ኤም.አር.አይ. የተባለው መሣሪያ ይህን እንቅስቃሴ በማግኔት ኃይል ይለካል፤ እንደ ራጅ ጨረር አይጠቀምም። ሕፃኑ ጠብቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ጆሮው ተሸፍኖ እንደተኛ ይነሣል። ፔትራ ሁፒና ባልደረቦቿ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ያለ ቀናቸው የተወለዱት መወለጃቸው በሚደርስበት ጊዜ ሲታዩ የክሮቻቸው ሥርዓት በቀናቸው ከተወለዱት አንሶ ተገኘ።

ልብ በሉ! መሣሪያው የለካው የውሃን እንቅስቃሴ ነው። ልጁ ይራመድ እንደሆነ፣ ትምህርት ይገባው እንደሆነ አልለካም። ጥናት ስለ ብዙ ሕፃናት አማካይ ይናገራል፤ በእቅፋችሁ ያለው ግን አንድ ነው። ስለዚህ ምስሉን ማየት ገይብን መድፈር ሳይሆን ዛሬ ያለውን ማየት ነው። ገይብን የሚደፍረው «ይህ ልጅ ከእንግዲህ ሰው አይሆንም» ብሎ የሚደመድም አንደበት ነው።

ማወቁስ ይጠቅማል? በ2018 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የታተመ አንድ ጥናት ከ33ኛው ሳምንት በፊት የተወለዱ 511 ሕፃናትን ይዞ፣ ለከፊሎቹ ወላጆች የተለመደውን የኤም.አር.አይ. ምስል ውጤት፣ ለከፊሎቹ የአልትራሳውንድ ውጤት ነገራቸው። የኤም.አር.አይ. ውጤት የተነገራቸው እናቶች ጭንቀት በጥቂቱ ቀለለ፤ የልጁን የወደፊት ሁኔታ መገመቱም የተሻለው በጥቂቱ ነው። «በጥቂቱ» የምትለዋን ቃል አትርሷት።

እኔስ ጠይቁ እላለሁ። ድክመት ቀድሞ ከተጠረጠረ ክትትሉም ቀድሞ ይጀመራል። ነገር ግን ወረቀቱን ለዘመድና ለጎረቤት አታንብቡ። ልጁ ገና አፉን አልፈታም፤ «ስለ እኔ አታውሩ» ማለት አይችልም። ምስሉ በእጃችሁ ያለ የልጁ አማና ነው፤ «እሱ እኮ ከጥንቱም አንጎሉ…» እየተባለ እንዳያድግ ጠብቁት። ሐኪሙንም «ወደፊት ምን ይሆናል?» ስትሉት፣ «ዛሬስ ምን እናድርግለት?» ማለትን አትዘንጉ።