«አንብበው» ብሎ መጽሐፍ ስለ መስጠት

ሰው ለባልንጀራው እንጀራ ሲሰጥ የሻገተ እንዳይሆን አስቀድሞ ያያል፤ መድኃኒት ሲያመለክትም መጠኑንና ጊዜውን ይነግራል። መጽሐፍ የሰጠ እንደ ሆነ ግን «መልካም መጽሐፍ ነው፥ አንብበው» ብሎ መንገዱን ይሄዳል፤ ከዚያም በኋላ በአንባቢው ልብ የሚሆነውን የራሱ ጉዳይ አድርጎ አይቈጥረውም። መጽሐፉ መልካም ከሆነ እኔ ምን ዕዳ አለብኝ ይላል። እኛም ብዙ ዘመን እንዲሁ ስንል ኖረናል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም መልካም መጽሐፍን ለባልንጀራው ያመለከተ ሰው በማመልከቱ ብቻ ግዴታውን ፈጽሟልን? የሚል ጥያቄ ነው።

ወደዚህ ጥያቄ ያደረሰን ትምህርት አይደለም፥ የራሳችን ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአጥቢያችን ልጁ የሞተበት አንድ ሰው ነበረ። ድንኳኑ ከተነሣ፥ ለቀስተኛውም ከተበተነ በኋላ ልናጽናናው ሄደን የምንናገረውን ቃል ብናጣ፥ መጽሐፈ ኢዮብን እንዲያነብ መከርነው። ልጆቹን ሁሉ ባንድ ቀን ያጣ ጻድቅ የተነገረበት መጽሐፍ ነውና ከዚህ የተሻለ ምክር ያለ አልመሰለንም። እርሱም እሺ ብሎ ጀመረ። ከሁለት ወር በኋላ ባገኘነው ጊዜ ግን ሰውነቱ ከስቶ፥ ከቤተ ክርስቲያንም ርቆ አገኘነው። ምን እንደ ደረሰበት ብንጠይቀው፥ ልጁ የሞተው በእርሱ ኃጢአት መሆኑን ከመጽሐፍ እንደ ተረዳ ነገረን።

ነገሩን ብንመረምር ያነበበው እስከ እኩሌታው ነበረ። ኤልፋዝና በልዳዶስ ሶፋርም ኢዮብን ሊያጽናኑ መጥተው፥ መከራ ያለ ኃጢአት አይመጣም እያሉ ሲከራከሩት አነበበ፤ ቃሉም በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈ ስለ ሆነ የእግዚአብሔር ፍርድ መስሎት ተቀበለውና መጽሐፉን ዘጋው። በመጨረሻው ምዕራፍ እግዚአብሔር እነዚያን ሦስት ባልንጀሮች እንደ ተቈጣቸው፥ ኢዮብም እንዲጸልይላቸው እንዳዘዘ አላየም። ማን ነግሮት ይወቅ? መጽሐፉን ያመለከትነው እኛ በሁለቱ ወራት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከየት እንደ ደረሰ አልጠየቅነውም። የኢዮብ ባልንጀሮች ንግግራቸው ቢነቀፍም እንኳ፥ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋራ በምድር ላይ ተቀምጠው ነበር። እኛ ያን ያህል እንኳ አልተቀመጥንም።

ከዚህ በኋላ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የጃንደረባውን ታሪክ በሌላ ዐይን አየነው። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው ለአገራችን ክብር ነው፤ መጠቀሱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ፊልጶስ ለጃንደረባው መጽሐፍ እንዳላመለከተው እናስተውል። መጽሐፉ በእጁ ነበረ፤ ይነበብ የነበረውም ኢሳይያስ ስለ ክርስቶስ ሕማም የተናገረው ክፍል ነበረ። ከዚህ የበለጠ ምርጫ ከየት ይመጣል? የጎደለው መጽሐፍ ሳይሆን ሰው ነበረ። ጃንደረባውም የለመነው ሌላ መጽሐፍ እንዲያመጣለት አይደለም፥ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ነው እንጂ። ደግሞም ፊልጶስ ሊሰማው የቻለው ጃንደረባው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ስለ ነበረ ነው። እንደ ዛሬው ልማድ በዐይኑ ብቻ ቢያነብ ኖሮ፥ ሠረገላው በበረሓው መንገድ ዝም ብሎ ባለፈ ነበር።

ዛሬ መጽሐፍ ማመልከት ከቀድሞው ይልቅ ቀሏል። አንድ ሰው ራሱ ገና ያልገለጠውን መጽሐፍ በእጅ ስልኩ ለአርባ ሰው በቅጽበት ይልከዋል፤ አርባውም «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ይመልሱለታል። ከዚያ ወዲያ የሚጠያየቅ የለም። በ9ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቊስጥንጥንያው ፎትዮስ (በሃይማኖት ከእኛ ወገን አይደለም፥ ነገር ግን በዚህ ሥራው ይመሰገናል) ለወንድሙ ለታራስዮስ ስለ 280 ያህል መጻሕፍት ጽፎለታል። እርሱ ግን ያነበበውን ነው የጻፈው፤ መጽሐፉ ምን እንደሚል፥ አነጋገሩ እንዴት እንደ ሆነ፥ በየትኛውም ስፍራ እንደ ተሰናከለ እየለየ ያስረዳል። ወንድሙን የወደደው እንዲህ ነው።

ያን ኀዘንተኛ ዳግመኛ ለምነን፥ መጽሐፈ ኢዮብን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምረን አብረን አነበብነው። 42ቱን ምዕራፍ ለመፈጸም ከዐቢይ ጾም መግቢያ እስከ ሆሳዕና ፈጀብን፤ በሦስቱ ባልንጀሮች ንግግር ላይ ብዙ ቀን ቆምን። ሁለት ጎረቤቶቹ ንባቡን ሰምተው መጥተው ተቀመጡ። ከትንሣኤ በኋላም ልንበተን ስላልወደድን፥ እያንዳንዳችን ያነበብነውን መልካም መጽሐፍ እየተናገርን፥ አንዱን እየመረጥን በየወሩ እንገናኝ ጀመርን። ስም አላወጣንለትም፥ ደንብም አልጻፍንለትም። ሥርዐቱን ከጽዋ ማኅበር ተዋስነው፤ ጽዋው በየቤቱ እንደሚዞር መጽሐፉም ይዞራል፥ ባለ ተራውም ቆሎና ቡና ያቀርባል። አንድ ነገር ብቻ ተስማማን፤ እስከ ፍጻሜው ያላነበበውን መጽሐፍ ማንም አያመጣም፥ ያመጣውም ሰው ንባቡ እስኪያልቅ አይቀርም።

ይህን የሰሙ አንዳንድ አባቶች፥ መምህር የሌለበት ጉባኤ የስሕተት በር ነው ብለው ነቅፈውናል። ነቀፋቸው ከንቱ አይደለም። አንድ ጊዜ ሁለት ወንድሞች ስለ አንዲት ቃል ከሁለት ሰዓት በላይ ተከራክረው፥ አንደኛው ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ነገር ግን በመጻሕፍት ቤት የነበረ ሁሉ ያውቃል፤ አንዱ ተማሪ ንባቡን ያሰማል፥ መምህሩ ይተረጕማል፥ ሌሎቹም ያዳምጣሉ፤ ጉባኤው ከተፈታ በኋላ ግን ተማሪዎቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆነው የሰሙትን እርስ በርሳቸው ይመላለሱታል። ይህን መመላለስ ማንም ስሕተት ብሎት አያውቅም፤ ትምህርቱ የሚጸናው በእርሱ ነውና። እኛም የመጻሕፍት ትርጓሜ ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ጽፈን ለመምህር እናቀርባለን እንጂ በገዛ ልባችን አንፈታም። ይልቁንም ብቻውን ቤቱን ዘግቶ የሚያነብ ሰው ስሕተቱን ማን ያይለታል?

ከቅዱሳት መጻሕፍት ውጭ ያሉትንስ ማንበብ ይገባልን ለሚለው፥ ቅዱስ ባስልዮስ ስለ አረማውያን መጻሕፍት ለወጣቶች በጻፈው ምክሩ ንብን ምሳሌ አድርጎ መልሶታልና ብዙ አንናገርም። ሆኖም አንድ ወንድም በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ባመጣ ጊዜ ክርክር ሆኗል። ካህናትን የሚነቅፍ መጽሐፍ በካህናት ፊት ይነበባልን? ያሉ ነበሩ። እኛ ግን ነቀፋው እውነት ከሆነ ሊታረሙበት፥ ሐሰት ከሆነም ሊመልሱበት ከካህናት ይልቅ ሊያነበው የሚገባ ማን ነው ብለን እንዲነበብ ሆነ።

ሲነበብ ግን የተነሣው ነገር ያሰብነው አልነበረም። በዛብህን ወላጆቹ ተስለው ለቤተ ክርስቲያን እንደ ሰጡት፥ እርሱም አድጎ ሰብለ ወንጌልን እንደ ወደደ ሲነበብ፥ ወላጅ የተሳለው ስእለት ልጅን ያስራልን? የሚል ጥያቄ መጣ። አንዱ ሐናንና ሳሙኤልን ጠቀሰ፤ ሌላው ሳሙኤል ራሱ የእግዚአብሔርን ጥሪ ሰምቶ እሺ ማለቱን አሰበ። በዚያ ቀን ባለ ተራ የነበሩት አንዲት እናት ቡናውን እንደ ያዙ ቆመው ይሰሙ ነበር። እርሳቸውም ታሞ የዳነ አንድ ልጃቸውን ለመቅደስ ተስለው፥ ልጁ በጕልምስናው ዲቍናውን ትቶ ወደ ሌላ ከተማ ስለ ሄደ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም ነበር። «እኔ ለእግዚአብሔር ስሰጠው፥ ልጁን መቼ ጠየቅሁት?» አሉ። ከእኛ ወገን መልስ የሰጠ የለም፤ ስእለትን ማቃለልም፥ እናትን መውቀስም አልቻልንምና።

ሲበተኑ መጽሐፉን ለመኑን። እርሳቸው ፊደል አልቈጠሩም፤ ልጃቸው ሲመጣ እንዲያነብላቸው አስበው ነው። የቀድሞ ጸሐፊዎች በየብራናው መጨረሻ መጽሐፍ የሚሰርቀውን በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኛም ተውሶ የማይመልስን ሰው አጥብቀን እንነቅፋለን። ይህ መጽሐፍ ግን ከወጣ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ልጁ በጥምቀት መጥቶ ሦስት ቀን እንደ ሰነበተ ሰምተናል። እንዲመልሱልን አልጠየቅናቸውም።