አናጢ፣ አንድም ጠራቢ

«አናጢ» አለ። ከምን ወጣ ቢሉ፣ ሐነጸ ካለው የግእዝ ግስ ነው። ጸጉር ጠጉር፣ ጸረበ ጠረበ እንደ ሆነ፣ ሐናጺም ሐው በአ፣ ጸው በጠ ተለውጦ አናጢ ሆነ። አናጺ ብሎ የሚጽፍም አለ፤ ለሥሩ የቀረበው እሱ ነው። ሐነጸ ማለት ሠራ፣ ገነባ ነው፤ ሕንጻም ከዚሁ ይወጣል። እንግዲህ በስሙ ውስጥ ያለው ቤት እንጂ እንጨት አይደለም።

እንጨት ሠራተኛው ስለ ምን በቤት ተጠራ ቢሉ፣ ጎጆ እንጨት ነውና። ምሰሶውን ያቆመ፣ ማገሩን ያዋቀረ እሱ ቤቱን ሠራ፤ ጭቃው ኋላ ይመጣል። ዛሬ ወንበርና አልጋ የሚሠራውም አናጢ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ግን ከቤት ነው።

አንድም ከጎጆ በላይ ነው። በደብረ ዳሞ፣ በ12ኛው መቶ ዓመት በዋሻ ውስጥ በታነጸው በይምርሐነ ክርስቶስም፣ ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ ተደርቧል። ድንጋዩን አስሮ የያዘው አግዳሚው እንጨት ነውና፣ እንጨቱን ያጋደመ ሐናጺ መባሉ ይገባዋል።

አንድም «ጠራቢ» ይላል፣ በግእዙ ጸራቢ። በማቴዎስ 13፥55 ሰዎች ጌታን የጸራቢ ልጅ አይደለምን አሉት። ጸረበ ማለት ቀረፈ፣ ላገ፣ ቅርጽ አወጣ ነው፤ መጥረቢያ ከዚህ ወጥቷል። በግሪኩ ቴክቶን ይላል፤ እንጨት ሠራተኛንም ቤት ሠሪንም ይይዛል። በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ፣ ጌታ ማረሻና ቀንበር ይሠራ ነበር ብሎ ጽፏል፤ ይህ ጸራቢ ወደሚለው ያደላል። በእኛም አገር ብዙ ገበሬ ሞፈሩንና ቀንበሩን ራሱ ይጠርባል፤ በዚህ ብቻ ግን አናጢ የሚለው የለም።

አንድም ሐናጺ ያክላል፣ ጸራቢ ይቀንሳል። እንዲህ ከሆነ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ማን ሠራቸው? ከዓለቱ ላይ ተቀነሰ እንጂ አልታከለም፤ የጠራቢ ሥራ ናቸው። ነገር ግን ቤተ አማኑኤልን ያየ ሰው በውጭ ግድግዳው ገባ ወጣ የሚሉትን አግድም ረድፎች ያገኛል። እንጨትና ድንጋይ በተፈራረቁበት በጥንቱ የአክሱም ግንብ አምሳል የተቀረጹ ናቸው። በግድግዳው ምንም እንጨት የለበትም፤ ጠራቢው የአናጢውን ሥራ በዓለት ጻፈው። እኔ የማጸናው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ሁለቱን ስሞች ሳያጣላ በአንድ ግድግዳ ላይ ያገናኛቸዋልና።